ንጉሡ ሠ

ማክሰኞ
ዛሬም የቀረበልኝን ፈረስ በላሁ፤ ዛሬም ንጉሤ ሞተ። የዕድሜ ልክ የዳማ ባልንጀራዬ ሰይድ እየሳቀ፣ «ሞገስ፣ ይኼ ቼዝ ነው፤ ያገኘኸውን ሁሉ አትብላ» አለኝ። ዳማ ላይ መብላት ግዴታ ነው። ስንት ዘመን በቆርኪ ሲጫወት የኖረ እጅ እንዴት ይተወው? ፊደል ብቻዬን ቆጥሬ፣ የውኃ ሞተር ብቻዬን ፈትቼ የገጠምኩ ሰው በእንጨት ፈረስ ተዋረድኩ። ምክሩን አልፈለግሁም። ኮፍያዬን አንስቼ ወጣሁ።

ረቡዕ
አልሄድም ብዬ ነበር፤ ሄድኩ። ደሴ ለሕክምና ከርሞ ከተመለሰ ወዲህ ዳማን ለምን እንደናቀብኝ ጠየቅሁት። ኩላሊቱ ማሽን ስለሚፈልግ ልጁ ዘሃራ ነገ መልሳ ትወስደዋለች። ከእንግዲህ እዚህ መርሳ አይኖርም።
«ዳማችን በስልክ አይሆንም። የዚህ ግን እያንዳንዱ ቤት ፊደልና ቁጥር አለው፤ ለዚያ ነው የተማርኩት» አለ።
እስኪመሽ ተጫወትን። እስኪመሽ ተሸነፍኩ።

ሐሙስ
ሄደ። መኪናው የውርጌሳን መንገድ ይዞ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። አንዱን ገበታ ትቶልኛል፤ አንድ ወታደር ስለጎደለው ቆርኪ ተክቼበታለሁ። ጠርዙ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል አልዋጥ አለኝ። በቢላ ፍቄ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ብዬ ጻፍኩበት። ዘሃራም በእነሱ ገበታ ላይ እንዲሁ እንድታደርግ በስልክ አዘዝኳት። «አባ ሞገስ፣ የፈረንጁ አይሻልዎትም?» አለችኝ። የእኛ ፊደል ምን ጎደለው?

ዓርብ
በደንብ ጀምሬ ነበር። የንጉሤን ወታደር ወደ ሠ አራት ገፋሁ፤ እሱም መለሰ። ረፋዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ንግሥትህን በላሁ ስለው፣ «ንግሥቴ እቺው እፊቴ ተቀምጣለች፤ የማንን ነው የበላኸው?» አለኝ። ከመጀመሪያው ስንቆጥር፣ ለካ እኔ ንጉሡን ሠ ስል እሱ እሳቱን ሰ ሰምቷል። ሁለት የተለያየ ጨዋታ ስንጫወት ነው ያረፈድነው። እሱም በበኩሉ እያሸነፈ ነበር።
«ወላሂ፣ እኔ የማውቀው አንድ ሰ ነው» አለ።
ተቆጣሁ። ከእንግዲህ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ ተብሎ በሙሉ ስሙ ይጠራል አልኩ። ፊደል አይቀነስም።

ቅዳሜ
ከማሽኑ ሲወርድ ደወለ። «ሐመሩ...» ብሎ አረፈ። ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ጀመረ። ቁጥሩ ላይ ሳይደርስ ዘሃራ ስልኩን ተቀበለችው። «አይቆጡ እንጂ አባ፣ ቃል ሲበዛበት ይደክመዋል» አለች።
አልተቆጣሁም። ስልኩን ዘግቼ ቢላዬን ፈለግሁ። ሐን ፍቄ በ ጻፍኩ። ሠን ፍቄ ተ ጻፍኩ። እጄ እምቢ እያለኝ ነው የጻፍኩት።

እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደውዬ የፋቅሁትን ነገርኩት። «ንጉሡንም ፋቅከው?» አለ። ፋቅሁት አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፊደል አላነሳንም።
ጨዋታው ፈጠነ። መሃል ላይ ፈረሱን በነፃ አቀረበልኝ። እጄ ሄደ፤ መለስኩት።
«አልበላሁም» አልኩና ወታደር ገፋሁ። ቆርኪውን።
ሲስቅ ሰማሁት፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ዘሃራ ትንሽ ይረፍ አለች።
አሁን ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ዶሮ እንዳያፈርሰው ገበታው ላይ እንቅብ ደፍቼበታለሁ። እስካሁን አልደወለም። ተራው የእሱ ነው።