እሳት ያልበላው የኮርቻህ ሙሌት

ውድ አየነው፣ የቤቴ አባወራ፣

ከተለያየን ዓመት ሞልቶ አለፈ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅማችን ደግሰናል፤ ሰውም በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር ብሎ ሄዷል። እኔ ግን አልረጋሁም። ሰው ከሞተ በኋላ ያርፋል ይሉኝ ነበር፤ አንተን ግን በየቢሮው ሲያመላልሱህ፣ ስምህን አንዴ ሲጽፉ አንዴ ሲሰርዙ ከረሙ። እንግዲያው እኔም አላሳርፋቸውም ብዬ ተነሥቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ባንቺአምላክ ጫግኒ ተመድባ ታስተምራለች። ቆላው ተስማምቷት ወፍራለች፤ ብታያት ይህች የማን ልጅ ናት ማለትህ አይቀርም። የጓሮው ድንች ዘንድሮ ደህና ሰጥቷል። የእንጅባራ ዝናብ እንደ ልማዱ ነው፣ የጓሮው በር አብጦ አልዘጋም ይላል። አንተ ብትኖር በመላጊያ ታስተካክለው ነበር፤ እኔ በእርግጫ እዘጋዋለሁ። ዳማው ፈረስህም አለ። ስንቱ ሽጪው አለኝ፣ አልሸጥኩትም። አንተ በአዊኛ ነበር የምታናግረው፤ እኔ የዳንግላዋ ልጅ በአማርኛ ስጠራው ጆሮውን ወዲያ ያዞርና እንዳልሰማ ይሆናል። ጥፋቱ ያንተ ነው፣ አንድ ቋንቋ ብቻ አስተማርከው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዓመቱን ሙሉ የተጨቃጨቅነው፣ የገደለህ በሽታ ከሥራህ የመጣ ነው ወይስ አይደለም፣ ካሳስ ይገባሃል ወይስ አይገባህም በሚለው ነው። የባሕር ዳሩ ሐኪም ቁርጡን ነግሮናል፣ አንተም ሰምተሃል። የሳንባህን ሽፋን ካንሰር ያስያዘው የአስቤስቶስ ብናኝ ነው፣ አንዴ ከገባ ብዙ ዘመን አድፍጦ ይቆያል ነበር ያለን። አንተ ግድግዳውን እያየህ፣ ያ ነጭ ጭቃ ነዋ አልክ።

ነጩን ጭቃ እኔም አውቀዋለሁ። ፋብሪካው ውስጥ ስትሠራ የቦይለሩን ቧንቧዎች ለማልበስ ዱቄቱን በበርሜል ከውሃ ጋር በባዶ እጃችሁ ታቦኩት ነበር። አሮጌው ልባስ ሲሰነጠቅ ደግሞ በመዶሻ እያራገፋችሁ በአዲስ ትተኩታላችሁ። ከሥራ ስትመለስ ቅንድብህ ሳይቀር ነጭ ሆኖ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የቀጠሩህ እያልኩ እስቅብህ ነበር። ጭምብል የሰጣችሁ የለም፣ አደገኛ ነው ያላችሁም የለም። አብሮህ የሚሠራው ልየው አቧራው ከብዶት አፉን በፎጣ ቢሸፍን፣ ሙሽራው መጣ እያላችሁ ፎጣውን አስጣላችሁት።

ከዚያ ኮርቻው መጣ። ፈረሰኛ ቤት ያደገ ሰው ለስላሳ ነገር ሲያገኝ ቀድሞ ትዝ የሚለው የፈረሱ ጀርባ ነው። ሳይቦካ የተረፈውን ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር አለቃችሁ ይጣል ሲል፣ አንተ በጆንያ ይዘኸው መጣህ። ላብ አያበሰብሰውም፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ እሳት እንኳ አይበላውም አልክ። በር ላይ ተቀምጠህ የኮርቻውን መከዳ ተረተርክ፣ ገለባውን አውጥተህ እያስነጠስክ ያንን ሞላህበት። ከዚያ ወዲህ ፈረስ ተለዋወጠ እንጂ ኮርቻው ያው ነበር፤ አንዳቸውም ጀርባቸው ተልጦ አያውቅም። በየጥሩ ለፈረስ ግልቢያ ስትወጡ ሰዎች ኮርቻህን በመዳፋቸው እየጫኑ ምን ሞላህበት ይሉሃል፤ አንተ ሚስጥር ነው ትላለህ። እኔም ከዳር ቆሜ እኮራለሁ።

የመጨረሻው ጥር ላይ ዳማው ላይ መውጣት አቃተህ። እግርህን እርካቡ ላይ አድርገህ፣ ትንፋሽ አጥሮህ፣ ግንባርህን ኮርቻው ላይ አስደግፈህ ቆምክ። ሰው እንዳያይህ በነጠላዬ ከለልኩህ። ብዙም አልቆየህም። በለቅሶህ ዕለት ዳማውን በዚያው ኮርቻ ጭነው ባለቤት የሌለው ጀርባውን በለቀስተኛው መሃል ሲያዞሩት አገሩ በሙሉ ተነቀነቀ። እኔም ኮርቻውን አቅፌ አለቀስኩ። የገደለህን ነገር አቅፌ ማልቀሴን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ካሳውን የጠየቅንበት ቢሮ መጀመሪያ፣ ሥራ ከለቀቀ ስንት ዘመኑ፣ አሁን ምን አመጣው አለ። ሐኪሙ በሽታው እስኪገለጥ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ጻፈላቸው። ቀጥሎ የማድቤት ጭስ ሊሆን ይችላል አሉ። የማድቤት ጭስ ቢሆንማ የምሞተው እኔ ነበርኩ፣ እሱ መቼ ማድቤት ገብቶ ያውቃል ብላቸው አንደኛው ሳቁን ዋጥ አደረገ። በመጨረሻ የፋብሪካው ጠበቃ የኮርቻውን ነገር ሰማ። ከማን ሰማ ብዬ በማንም አልፈርድም፤ ሚስጥር ነው እያልክ ለአገሩ ሁሉ ያዳረስከው አንተ ነህ። ዕቃውን ራሱ ሰርቆ ወስዷል፣ ቤቱ ተቀምጦበት ኖሯል፣ በሽታውም የመጣው ከቤቱ ነው ብሎ ተከራከረ። በጎን ደግሞ፣ በሰብአዊነት ርዳታ እንስጥሽ፣ አንቺም በሽታው ከሥራው አይደለም ብለሽ ፈርሚልን አሉኝ። አልፈርምም አልኩ። ርዳታ ልለምን አልመጣሁም፣ የሚገባህን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድምህ መኮንን ይህን ሰምቶ ከአዲስ ቅዳም ድረስ መጣ። ዝም አይነቅዝም፣ ስለ ኮርቻው ሲጠይቁሽ አላውቅም በይ፣ ዕቃው ከጠፋ የሚያነሡት ነገር የለም አለኝ። በኮርቻው አገር አስለቅሰን ስናበቃ ኮርቻ አልነበረንም ልንል ነው ብዬ እምቢ አልኩት። እሱ ግን ያንተው ወንድም አይደል፣ እሺ ያለ ይመስልና የልቡን ይሠራል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን በሄድኩበት ኮርቻውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ወሰደው። ታውቀዋለህ፣ የዲከረንስ ዛፉን እያከሰለ ነው የሚኖረው። ለማክሰያ በከመረው እንጨት መሃል ቀበረው፣ አፈሩን መለሰበትና ለኮሰው።

ከሰሉ የሚወጣበት ቀን ደርሶ አፈሩን ሲገልጥ ቆዳው የለም፣ የኮርቻው እንጨት ከሰል ሆኗል። መከዳው ውስጥ የነበረው ግን የተሞላበትን ቅርጽ እንደያዘ፣ ነጭ እንደሆነ ተቀምጧል። ደወለልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የሚለው አልሰማ ብሎኝ፣ አልበላውም፣ እሳቱ አልበላውም እኮ የሚለው ብቻ ደረሰኝ። በለቅሶህ ዕለት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አልሰማሁትም። ይህን ነው ወንድሜ በሳንባው ይዞት የኖረው አለኝ።

ተቆጥቼ ልሰድበው ነበር፣ ተውኩት። ሐኪሙ እንዳስጠነቀቀን፣ በእጅህ እንዳትነካው፣ አፍህን ሸፍን፣ ውሃ አርከፍክፍበት አልኩት። በወፍራም ላስቲክ ደራርቦ አሽጎ አመጣው። ጉዳዩን የሚወስነው ቦርድ በቀጠረን ቀን እኔ፣ መኮንንና ልየው ላስቲኩን ይዘን ገባን። መኮንን ማንም ሳይጠይቀው፣ ልደብቀው ብዬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ብሎ ተናገረ። እኔም የሆዴን ዘረገፍኩት። ባሌ ወስዷል፣ አልክድም፤ የወሰደው ግን ይጣል የተባለውን ነው፣ አደገኛነቱን ማንም አልነገረውም። እሳት የማይደፍረው ይህ ነገር ከፋብሪካችሁ በቀር እኛ አገር ከየት ይበቅላል? ኮርቻው ላይ የሚቀመጠው ሲጋልብ ነው፣ ጭቃውን የሚያቦካው ግን በየቀኑ ነበር። ደግሞስ ይኸው ልየው። ይህ ሰው ኮርቻ የለውም፣ ፈረስ ሲያይ መንገድ የሚለውጥ ፈሪ ነው። እሱስ ምን ላይ ተቀምጦ ነው እንዲህ የሚያስለው አልኳቸው። ልየውም መልስ ሊሰጥ ሞክሮ ሳሉ አላስወራው አለ።

ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ጠበቃው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። የቦርዱ ሰዎች ሲስብ አዩት።

ተወሰነልህ፣ አየነው። በሽታው ከሥራህ የመጣ ነው፣ ካሳም ይገባሃል ተብሎ ተጽፏል። ልየውም እንዲመረመር ታዟል፣ ለእሱ ገና ጊዜ አለ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ፋብሪካው ግን ይግባኝ ብሏል። ይበል። ጎረቤት ላም አለኝ በሰማይ እያለ ያሾፍብኛል፤ እሱም ይበል። መንገዱ በተዘጋ ቀን ቀጠሮ ያልፈኛል፣ በተከፈተ ቀን ደግሞ የቢሮው በር ላይ ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ። ጥበቃው እንኳ ለምዶኝ እትዬ የሺ ዛሬም መጡ ይለኛል።

ለዳማው አዲስ ኮርቻ አሠርቼለታለሁ። መከዳውን በገለባ ነው ያስሞላሁት፤ ጀርባው ትንሽ ቢላጥም ይቻለው። በጥር መኮንን ይጋልበዋል፣ እኔም እንደ ድሮው ሜዳው ዳር እቆማለሁ። ያን ጊዜ የአየነው ኮርቻ ምን ነበር የተሞላበት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ሚስጥር ነው አልለውም። ስምህን ጠርቼ፣ ያቦካኸውን፣ የተነፈስከውን፣ እሳት ያቃተውን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ ቤቱ ያንን ነጭ ነገር ያስቀመጠ ካለ ሰምቶ ይጠንቀቅ። ትንፋሽ እስካለኝ ድረስ ስጠየቅ ዝም አልልም።

ሚስትህ የሺ
ከእንጅባራ