ብረት የነካው ወይን

መስከረም 8 ቀን 1933
ዝናቡ አባራ። ከእህቴ ከእናኑ ጋር ከወይኑ ሥር አረም ስናነሳ ዋልን። አሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ጋዜጣ ቤት ተቀምጦ የጻፈ ሰው ወገብ ለዚህ አይሆንም።
«ብዕር አይደለም፣ ጋሼ! ጠበቅ አድርገህ ሳበው!» አለችኝ።
ጣሊያን ሲገባ ጋዜጣው ተዘጋ። አባቴም በዚያው ዓመት አረፉ። ቤት ከገባሁ አራት ዓመት አለፈኝ፤ እናኑ ግን አሁንም እንደ እንግዳ ነው የምትቀልድብኝ።
እምዬ የዘቢቡን ማድጋ ገልብጠው አሳዩኝ። የቀረው ሁለት እፍኝ ነው። ከምጽዋ የሚመጣው ዘቢብ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የለም፤ በዙሪያችን ያሉ ዘጠኝ ደብሮች የሚቀድሱት በእኛ ዘቢብ ነው።
«ለገና ይደርሳል። ለፋሲካስ?»
ግንዱ አርጅቷል። ቅጠሉ ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት…

መስከረም 15
ከቡሬ ምሽግ አንድ የጣሊያን ካፒቴን መጣ። አስተርጓሚው ቢሆነኝ ነው፤ የሰፈራችን ልጅ፣ እናቱ በእኛው ደብር የሚቆርቡ። ካፒቴኑ በወይኑ መካከል ተመላለሰ። ግንዱን እንደ ከብት ዳበሰው።
«ማነው የሚቆርጠው?» አለ።
«ማንም አይቆርጠውም» አልሁት።
ቅድመ አያታችን ሀይሉ ሐረጉን በእርጥብ ጭድ ጠቅልለው ከጎንደር ሲያመጡት፣ ፍሬው ለሥጋ ወደሙ ስለሚሆን ብረት አይንካው ብለው አዘዋል። አራት ትውልድ የደረቀውን በእጅ እየሰበረ ኖረ። ቢሆነኝ ይህን ሁሉ ተረጎመ። ካፒቴኑ ሳቀ። ከኮርቻው ከረጢት መቀስ አወጣና አሳየን።
ነገ እመለሳለሁ አለ።

መስከረም 16
ቆረጠው።
ጠዋት በስድስት ወታደር ታጅቦ መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ሠራ። ከአንድ ግንድ ሁለት ሦስት አጭር ቅርንጫፍ እየተወ ሌላውን ጣለው። አባቱም አገሩ ላይ ወይን ጠባቂ ነበሩ አሉ። እጁ ያውቃል… ይህን መጻፍ ያመኛል፤ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው።
እምዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት መጣ።
ሲጨርስ፣ «ፍሬው የምሽጉ ነው፤ የመኮንኖች መጠጥ ይሆናል። መጋቢት 1 ቀን በቅሎ እልካለሁ» አለ። ለከርሞ ራስህ ቁረጠው ብሎ መቀሱን ሰጠኝ። ተቀበልሁት። ለምን ተቀበልሁት?
እምዬ አዩኝ። «እጅህን ታጠብ» አሉ።

መስከረም 17
እምዬ አላነጋገሩኝም። መቀሱም ካስቀመጥሁበት የለም።

ጥቅምት 6
አቆጠቆጠ! በእያንዳንዱ ጉቶ ላይ ቀይ ቡቃያ። ሮጬ ሄጄ ነገርኋቸው።
«ከትናንት ወዲያ ነው ያየሁት» አሉ፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ።
ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

ኅዳር 2
ቢሆነኝ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ውስጡ ሰማያዊ ድንጋይ ነው፤ እንደ አሞሌ የሚደቅ። ከኖራ ጋር በውሃ በጥብጠን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅጠሉን እንድንረጭ ካፒቴኑ አዟል። ለሻጋታ ነው ይላሉ።
የደብራችን ቄስ አባ ገብረሰንበት ጣታቸውን ነክረው አሸተቱ። «ብረቱ ግንዱን እንጂ ፍሬውን አልነካም፤ ይህ የነካው ፍሬ ግን መቅደስ አይገባም። አለቀ።»
እናኑ ቢሆነኝ ላይ ዞረች። «እናትህን ምን ልታቆርባቸው ነው? የካፒቴኑን እጣቢ?»
ልጁ አንገቱን ደፋ። «ሰማያዊ ቅጠል ካላየ የሚገረፈው የእኔ ጀርባ ነው፣ እታለም።»
አሳዘነኝ። «ከየት ሆኖ ነው የሚያየው?» አልሁት።
«ከመንገድ። አርበኞቹን ስለሚፈራ ከበቅሎው አይወርድም።»
እርስ በርስ ተያየን። ከዚያ እናኑ መሳቅ ጀመረች።
የመንገዱን ዳር አንዱን ረድፍ ብቻ ረጨን። ለሌላው እምዬ እንደ ዱሮው አመድ ነሰነሱ።

ታኅሣሥ 20
ካፒቴኑ አለፈ። በቅሎውን ሳያቆም ሰማያዊውን ረድፍ አየ። «ቤኔ» አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ቢሆነኝ ከኋላው ሆኖ እኔን ላለማየት ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

ጥር 14
እንዲህ ያለ ዘለላ አይቼ አላውቅም። እምዬም አላዩም። ቅርንጫፉ እንዳይሰበር ባላ እያስገባን ነው፤ ባላ አለቀብን፤ የአጥሩን ነቀልን።
ደስ ልበል ወይስ ልዘን? ባማረ ቁጥር ለነሱ ነው የሚያምረው… የእኛ ማድጋ ባዶ ነው። የመጨረሻው እፍኝ ለጥምቀት ወጣ። አባ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ምንም አይጠይቁም፤ ወይኑን አይተው ይመለሳሉ።

የካቲት 19
በቡሬ በኩል መድፍ ሲጮህ ዋለ። ፍሬው መጥቆር ጀምሯል። ለመጋቢት 1 አሥራ ሁለት ቀን ቀረ።
ሳይበስል እንልቀመው አልሁ። እምዬ ተቆጡ። «ጎምዛዛ ዘቢብ ለእግዜር ልትሰጥ? ቁጭ በል።»
ቁጭ አልሁ።

የካቲት 26
ከቀትር በፊት ቢሆነኝ እየሮጠ መጣ። ባርኔጣውን ጥሏል። ትንፋሽ አጥሮታል።
«ሄዱ!»
«እነማን?»
«ሁሉም! ምሽጉ ባዶ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ!»
እናኑ እልል አለች። ከጎረቤት ተቀበሏት፤ እልልታው ቁልቁል እስከ ወንዙ ወረደ። እኔ የማደርገውን አጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምሁ። እምዬ ብቻ አልተነሱም።
«በቅሎዎቹስ?» አሉት።
«እነሱም ሄደዋል፣ እማማ።»
«እንግዲያ ቅርጫት አምጡ።»

የካቲት 28
ሠላሳ ዘጠኝ ቅርጫት! በአባቴ ዘመን ከአሥራ አራት በልጦ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ፤ እናኑ ሦስተኛ ቆጠረች። ግቢው በሙሉ ሰሌን ተነጥፎበት ፍሬው ፀሐይ ላይ ነው። የመጀመሪያው የደብር ስለሆነ አንድም ሰው አልቀመሰም። ቢሆነኝ ጦጣ ሲጠብቅ ይውላል።
ሰማያዊውን ረድፍ ለጦጣ ተውነው። ጦጣም አልነካው።
እምዬ ዘለላ እያገላበጡ ድንገት ሳቁ። «ያ ሰው ለማን ሲደክም እንደነበር አላወቀም!»
ከመስከረም ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

ሚያዝያ 12
ፋሲካ። ዘጠኙም ደብር ቀደሰ። የአንዱም ማድጋ አልጎደለም። የቢሆነኝ እናት ቆርበው ሲወጡ የእምዬን ጉልበት ሳሙ። እምዬ ጎትተው አነሷቸው፤ ተቃቅፈው ቆሙ። ቢሆነኝ አጥር ሥር ሆኖ አለቀሰ። እናኑ እንኳ አልቀለደችበትም።

መስከረም 16 ቀን 1934
ዛሬ ዓመቱ። እምዬ ጠዋት ጠሩኝ። ከአልጋቸው ሥር አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጡ። መቀሱ ነው። ለካ እሳቸው ናቸው የወሰዱት! ለአባ ገብረሰንበት አሳይተው በጸበል አስረጭተውታል፤ ዝገቱንም በአሸዋ አሽተውታል።
«ያ ሰው ከየት ከየት እንደቆረጠ ጽፈሃል፣ አይደል?»
«ጽፌያለሁ፣ እምዬ።»
«አምጣና አንብብልኝ።»
ይህንኑ ደብተር አመጣሁ። አነበብሁላቸው፤ እጁ ያውቃል የሚለውንም ሳልዘል። አልተቆጡም። ወደ ትልቁ ግንድ፣ ቅድመ አያታችን ወደ ተከሉት ሄዱ። አማተቡ። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ እሳቸው ቆረጡ።
ከዚያ መቀሱን ሰጡኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።»
መቀሱ ነው ወይስ ወይኑ? አልጠየቅሁም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሥራ ሁለት ግንድ ጨርሻለሁ። ወገቤን አላመመኝም።