ከደብዳቤህ ላይ ያስቀረሁት

ይድረስ ለማከብርህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ለውበቱ ወልደ ሚካኤል፣ ጅቡቲ ወደብ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ገላህ እንደምን ነው? የመዳፍህ ቁስል ጠገገልህ ወይ? ባሕሩስ፣ ንፋሱስ፣ ያ ክፉ ሙቀትስ እንደምን ይዞሃል? ከተለየኸን አምስተኛው ክረምት ወጣ፤ ናፍቆትህ ግን ትናንት እንደሄድክ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሳችን አለች። እናታችን እህል መቅመስ ጀምራለች። እህታችን ማሬም ደህና ናት፤ ቁመቷ እኔን ሊያህል ነው። ቡሬዋ ላም ወልዳለች። የሁሉንም ደህንነት ጽፌ ስለ አለበል ዝም ማለቴን አይተህ ልብህ ሳይደነግጥ አይቀርም። ወንድማችን አለበል የለም። ነሐሴ ሃያ አራት፣ በተክለ ሃይማኖት ለት፣ አባይ ወሰደው።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። አንተ ካለህበት ግን ማን ይደርስልኛል? አጠገብህ ያገርህ ሰው ካለ ጥራውና አብራችሁ ተቀመጡ፤ ከዚያ የቀረውን አንብብ። የቀረው ከመርዶው ይብሳል፤ የእኔ ጥፋት ነውና።

በነዚህ ዓመታት አራት ደብዳቤ ልከህልናል። ከቤታችን ፊደል የቆጠርኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ አራቱንም ቅኔ ከምማርበት ከደብረ ወርቅ እየተጠራሁ መጥቼ ያነበብኩ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው የመጣ ጊዜ እማዬ ከንዳድ በሽታ ገና መነሣቷ ነበር። ምሰሶውን ተደግፋ አፍ አፌን ታየኛለች። ወረቀቱን ስገልጠው «እርጥብ ልብስ ለብሼ አድራለሁ፣ የሌሊቱ ንፋስ አጥንቴ ድረስ ይገባል፣ ከእኛ አገር ማንም እንዳይመጣ» የሚል አገኘሁ። አላነበብኩትም። ዘለልኩትና ሰላምታውን አነበብኩ። ሰላምታው ደግሞ አጭር ሆነብኝ። ሁሉም ይጠብቁኛል። በቅኔ ቤት አንዲት ቃል ተነሥታ ግማሽ ቀን ስትተረጎም ትውላለች፤ እኔም የአንተን ቃል እንደዚያ አደረግሁት።

ስለምትሠራበት የሸራ ጀልባ አንተ የጻፍከው «ጀልባው ከወደብ ሲርቅ የሚጠራን የለም» የሚል አንድ መስመር ነበር። እኔ ከእሱ የአንድ ሰዓት ወሬ አወጣሁ። በባሕር ላይ ጣልያን የለም፣ ባንዳ የለም፣ የማን ልጅ ነህ፣ ወረቀትህ የታለ የሚል የለም አልኩ። ጠዋት የዓረብ አገር ተራራ እየታየህ ተነሥተህ ማታ ሌላ አገር እንደምታድር፣ ንፋስን በሸራ የያዘ ሰው የራሱ ጌታ እንደሆነ ነገርኳቸው። ይህ ሁሉ የእኔ ነው። ክንፍ አውጥቶ የሚበርር ዓሣ ማየትህን ግን አንተው ነህ የጻፍከው። እማዬ ያላመነችው እሱን ብቻ ነው፤ «ይሄንንስ ልጄ ጨመረበት» ብላ ሳቀች።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ራሴን ስጠይቅ፣ ለእማዬ ብዬ ብቻ አልነበረም። መርጡለ ማርያም ላይ ምሽግ ከተሠራ ወዲህ ገበያ ለመሄድ እንኳ ስማችንን አስጽፈን ነው። እያነበብኩ ሳለሁ እኔም ከአንተ ጋር በጀልባው ላይ ነበርኩ። አለበል ግን ከእኔ ይልቅ አመነው።

አለበል ከአንሙት ጋር ወንዝ አሻጋሪ ሆኖ እንደነበር ሳትሰማ አትቀርም። በተነፋ የፍየል ስልቻ ሰውና ዕቃ ከወሎ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ወሎ ያሻግራሉ። በዚህ ዘመን በእኩለ ክረምት አባይን መሻገር የሚፈልግ ማን እንደሆነ አንተው ገምተው፤ ይህ ወረቀት በማን እጅ እንደሚያልፍ አላውቅምና አልጽፈውም። ያለፈው ዓመት ሦስተኛው ደብዳቤህ ከተነበበ በኋላ፣ አለበል ስምንት ስልቻ ነፍቶ በእንጨት ርብራብ ሥር አሰረ። መካከሉ ላይ ምሰሶ አቆመ። እማዬ የፈተለችለትን አዲሱን ጋቢ ሸራ አደረገው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ፣ የሸራው ገመድ ከየት ወዴት እንደሚታሰር ደብዳቤው ይናገር እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም ደብዳቤው እንደሚናገር ሆኜ «በሁለት ቋጠሮ ጥብቅ አድርገህ ከርብራቡ ጋር ነው የምታስረው» አልኩት።

ወንድምዓለም፣ ደብዳቤህ የሚለውን አንተ ታውቃለህ። የሸራው ገመድ አይቋጠርም፣ ንፋሱ ሲከፋ ቶሎ እንዲለቀቅ በእጅ ይያዛል፣ መዳፌ የተላጠው በዚህ ነው ብለህ ነበር። መዳፍህ መላጡን እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ከዘለልኩት ውስጥ ነበረበት። እሱ ሲጠይቀኝ ደግሞ ተመልሼ ማየት አፈርኩ፤ ሊቅ መስዬ በአፌ መለስኩለት።

ግንቦት ላይ ውሃው ሲቀንስ ሞከረው። የወንዙ ዳር ሰው ሁሉ ሊስቅበት ወርዶ ነበር። አንሙት «አባይን የሚያህል ወንዝ ጋቢ አልብሰህ ልታስተኛው ነው?» አለው። አለበል ደግሞ «አንተ እንደ እንቁራሪት ተንፈራገጥ፤ እኔ ተቀምጬ እሻገራለሁ» ብሎ ገፋ። ከቀትር በኋላ ያ ከታች የሚነሣው የገደሉ ንፋስ መጣና ጋቢውን ነፋው። ርብራቡ ውሃውን ተቃውሞ ሽቅብ መሄድ ጀመረ። ሰዉ ሁሉ ብድግ ብሎ ያይ ጀመር። እኔ በአሸዋው ላይ አብሬው ሮጥኩ። እሱ ቆሞ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይስቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከሁሉ ነገር የተፈታ ሰው አላየሁም። ሲመለስ «ውበቱ ያለው እውነቱን ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር።

በተክለ ሃይማኖት ለት ከማዶ አራት ሰዎች ምልክት ሰጡ። ወንዙ ሞልቶ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል። አንሙት ነገ ይሁን፣ ሰዎቹም ይቆያሉ አለ። አለበል ሰዎቹ የሚቆዩበት ጊዜ እንደሌላቸው፣ ንፋሱም የእሱ እንደሆነ ተናግሮ ገባ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ንፋሱ ከገደሉ ተመልሶ ከጎኑ መታው። ጋቢው ተነፍቶ ርብራቡን አጋደለው። አንሙት «ልቀቀው!» እያለ ጮኸ። አለበል ወደ ውሃው መዝለል ይችል ነበር፤ ዋናተኛ ነው። እሱ ግን ተንበርክኮ ቋጠሮውን ሊፈታ ያዘ። በሁለት እጁ ሲታገል አየሁት። ገመዱ ረጥቦ ጠብቆ ነበር። ከዚያ ርብራቡ ተገለበጠ፤ የሚወርደው ዛፍም በላዩ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ጋቢው ብቻ ከታች ካለው ሾላ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። እማዬ ጥለቱን አይታ አወቀችው። አጠበችው፣ አጠፈችው፣ አላለቀሰችም። ጋቢውን ጥሎ ከሄደ ቀሎት ዋኝቶ ሄዷል አለች። ካህናቱ ፍትሐት እናድርግ ሲሏት ለሕያው ሰው ፍትሐት አይደረግም ብላ መለሰቻቸው። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም፤ አርባው ቀንም እንዲሁ አለፈ። አባይ የሚሄደው ወደ ባሕር ነው፣ ወንድሙም ያለው ባሕር ላይ ነው ትላለች። የኔታ ኃይለ ሚካኤል ያስተማሩኝን ይዤ፣ አባይ በምስር፣ በግብፅ ምድር፣ አድርጎ ወደ ሌላ ባሕር እንደሚገባ ነገርኳት። «ባሕሮቹ አይተዋወቁም ወይ?» አለችኝ።

ዛሬ ይህን ደብዳቤ ያስጀመረችኝ እሷ ናት። አለበል ደርሶ እንደሆነ ጠይቅልኝ፣ ጋቢውን ደብዳቤ ከሚያደርሰው ነጋዴ ጋር ላክለት፣ ስትጨርስም የጻፍከውን አንብብልኝ ብላ እዚሁ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እስካሁን የጻፍኩት ይህ ነው። ሌላ ነገር አስመስዬ ላነብላት እችላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። አሁን ግን ብዕሩን አስቀምጬ እንዳለ ላነብላት ነው።

ወንድምዓለም፣ አነበብኩላት። ቀጥሎም አራቱን ደብዳቤህን ከሙዳዩ አወጣሁና በጣቴ እየተከተልኩ፣ ሳልዘልል ሳልጨምር አነበብኳቸው። እንዝርቷ ቆመ። በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «መዳፉ ተልጧል ነው ያልከው?» ብላ ነው። አዎ አልኳት። እርጥብ ልብስ የምትለውን ቦታ ደግሜ እንዳነብላት አዘዘችኝ። አልረገመችኝም፤ ምሬሃለሁም አላለችኝም። ተነሣችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ማሬን ጎረቤት ጥሪ ብላ ላከቻት። ይህን የምጽፍልህ ለቅሶው ከደጃፋችን እየተሰማኝ ነው። እኔም ስጨርስ እወጣለሁ።

ጋቢው ይላካል፤ ለአንተ ነው። ጎረቤት ሳይመጣ በፊት በእጇ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ልጄን ይበርደዋል አለች። አንሙት ሳያፍር እያለቀሰ ሰላም ይልሃል። ማሬ እንዳትረሳት ትልሃለች፤ መልኳ እንኳ ተለውጧል፣ ብታያት አታውቃትም። የኔታ በጸሎታቸው ያስቡሃል። እናታችን ደብሪቱ ደግሞ ሁለት ቃል ልካልሃለች። አንደኛው፣ የሚያምህንም የሚበርድህንም ሁሉ ጻፍ፣ እንዳላማው ሁሉንም ያነብልኛል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ገመድህን እንዳትቋጥር የሚል ነው።

የበደለህና የሚወድህ ታናሽ ወንድምህ
እንዳላማው ወልደ ሚካኤል

መርጡለ ማርያም፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት