ቀለም የተቀባው የቀበቶ ብሎን

አንተ «የመኪናችንን የወንበር ቀበቶዎች ያሰርኩት በትክክለኛው ብሎን ነው» ብለኸኛል። ባለሱቁ ደግሞ «ጓደኛህ የወሰደው የአልጋ ብሎን ነው፤ ለመኪና አይሆንም ብዬዋለሁ» ይላል።

ሳላይ አልፈርድም ብዬ አንዱን ፈታሁና የቀባኸውን ቀለም ፋቅሁት። አናቱ ላይ የመኪና ብሎን ሊኖረው የሚገባው የጥንካሬ ቁጥር የለውም።

ቸኩለህ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ቀለሙን ግን ምን ልበለው?

ትናንት ዓይንህን በጨው አጥበህ «ለጉዞው እህትህን ከፊት አስቀምጣት» አልከኝ።

አራቱንም ብሎኖች ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ። ሳልነግርህ በመፍታቴ ይቅርታ።
የምትገዛቸው አናታቸው ላይ 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የተጻፈባቸው ይሁኑ።
ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ አለ።

አሁን ለእህቴ ደውዬ «በአውቶቡስ ነው የምንሄደው፤ ሁለት ዓመት በእጃችን የሠራነውን መኪና ለእሱ ትቼለታለሁ» አልኳት።