በእማማ ስም የቆረጥኩት ወረቀት

ጥቅምት 8
ሊጥ አቦካሁ። ቴምር ፈለፈልኩ። አሥራ አንድ አውራ ዶሮ ቆረጥኩ፣ ከቀይ ወረቀት፣ ለግድግዳ ጌጥ። እንደ ሁልጊዜው በጓዳ ተደብቄ... የእማማ እጅ ዛሬም ሲንቀጠቀጥ ዋለ፤ የሾርባ ሳህን ጣሉ። መቀስ መያዝ ካቃታቸው ስድስት ዓመት ሆነ። ስድስት ዓመት እኔ እቆርጣለሁ፣ ስሙ የእሳቸው ነው። ምራት አይደለሁ?

ጥቅምት 10
ባለቤቴ ላይፉ ከፋብሪካው ደወለ። እማማ በወረቀት ሥራቸው ከተማ ለኤግዚቢሽን መጠራታቸውን ነገርኩት።
"ቦርሳቸውን ይዘሽ ትከተያቸዋለሽ።"
መንገዱን አይችሉትም አልኩት።
"ታዲያ ቅሩ።"
ለሱ ቀላል ነው... ቅሩ።

ጥቅምት 12
እንግዶች ገቡ። ስድስት ናቸው፤ ለሁለት ቀን፣ የመንደራችንን የእጅ ሥራ ሊያዩ፣ ምግባችንን ሊቀምሱ። በእንፋሎት የበሰለውን የዳጉሳ ዳቦ ወደዱት። ኑድሉን በበግ መረቅ ሁለት ሁለት ሳህን በሉ። እማማ የሞቀው መደብ ላይ ሆነው ያወጋሉ፣ እኔ ሳህን አመላልሳለሁ።
አንዷ እንግዳ፣ ጡረታ የወጡት መምህርት ቺዩ፣ ማድ ቤት ድረስ ተከተሉኝ። ከፀጉሬ ላይ ቀይ ብጣሽ አነሱ።
"አንቺም ትቆርጫለሽ?"
"እጠርጋለሁ እንጂ።"
ምላሴ እንዴት ፈጠነ!

ጥቅምት 13
መምህርቷ እማማን "አንድ ነገር ፊታችን ይቁረጡልን" አሏቸው። ሁሉም አጨበጨበ። እማማ መቀሱን አነሱ... ወረቀቱ ተቀደደ።
እውነቱን ልጻፍ፦ ደስ አለኝ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁ። ደም መስሏል።
"ብርዱ ነው። እኔ ልቁረጥላችሁ፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" አልኩ።
"ትችላለች" አሉ እማማ። "ግን የኔን መድገም ነው። የራሷ ዓይን የላትም።"
ጆሮዬ ጋለ።
"እስቲ የራስሽን" አሉ መምህርቷ።
ሳልነድፍ ገባሁበት። ዶሮ አልወጣም፣ ዓሣም አልወጣም። ድስት ወጣ፤ ድስቱ ውስጥ ሴትዮ፣ ክዳኑን በጭንቅላቷ የምትገፋ። አንዱ እንግዳ ሳቀ። እማማ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።
"ማናት?"
"እኔ ነኝ፣ እማማ።"
"እኔ እኮ የተመቸሽ ይመስለኝ ነበር።"
ወደ እንግዶቹ ዞሩ። "ግድግዳው ላይ ያያችሁት ሁሉ የሷ ነው። ያኛውም። ያኛውም።"

ጥቅምት 14
እንግዶቹ ሄዱ። እማማ አላናገሩኝም። ገንፎውን ግን ጨረሱ። ከምሳ በኋላ ስልክ አስደወሉኝ።
"ላይፉ፣ ናልኝ። ሚስትህ ከተማ ልትሄድ ነው፣ በገዛ ስሟ። አንተ ታበስልልኛለህ።"
"እማ፣ ፋብሪካው እኮ..."
"ፋብሪካው አልወለደህም!"

ጥቅምት 21
አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ላይፉ ትናንት ደረሰ። ጠዋት ሊጡን አቅጥኖት፣ እማማ ስድብ ሲያወርዱበት ትቼአቸው ወጣሁ። ስሰናበታቸው፦
"አማቴ አስተማረችኝ በይ።"
"እሺ።"
"ካልፈለግሽም አትበይ።"
የምቆየው አሥር ቀን ነው። ሻንጣዬን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ከፈትኩት። ወፍራሙ ኮቴ አለ። ከሥሩ ደግሞ ገና ወራት የሚቀረው የሙቀት ጊዜ ስስ ቀሚሶቼ፣ ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር ታጥፈው...