ኮቱ እዚህ አለ

ግንቦት 12

ፀጉር ቤቱን ከፈትኩ። ወለሉን ጠረግኩ፣ ቶንዶሱን ዘይት ቀባሁ፣ ፎጣዎቹን አጠፍኩ። እንደ ወትሮው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ነው። ግን እንደ ወትሮው...

ሰው በዛ፣ ጥሩ ነው። የሠራሁት በራሴ ወንበር ብቻ። የመስኮቱ ወንበር የጋሼ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም፣ እኔም ተቀመጡ አላልኩ። አንድ ደንበኛ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «የሞተ ተጎዳ» አለኝ። እውነት? ማን አረጋገጠ?

ከሰዓት በኋላ ጡረተኛው ፖስተኛ መጣ። ከተማው ዳር ልጁ ዘንድ ከገባ ወዲህ በሁለት አውቶቡስ ነው የሚመጣው። የጋሼን ሞት አልሰማም። ጭንቅላቱን ከጋሼ በቀር ለማንም አይሰጥም።

«ትልቁ የት አለ?»

«ወጣ ብሏል።»

እንዲሁ ከአፌ ወጣ። ጋሼ ምሳ በሄደ ቁጥር ስለው የኖርኩት ነው፣ ምላሴ ለምዶታል። ፖስተኛው ቀና ብሎ ማንጠልጠያውን አየ።

«ኮቱ እዚህ አለ። ሩቅ አልሄደም ማለት ነው።»

ተቀመጠ። ጋዜጣ አነበበ፣ አንቀላፋ፣ ደግሞ አነበበ። ልዘጋ ስል ተነሣ። «ጨዋታ አብዝተህ ሥራ ረሳህ ብሎሃል በለው።»

እነግረዋለሁ አልኩ።

ግንቦት 13

ለምን አልነገርኩትም?

ግንቦት 20

እትዬ መጣች፣ የጋሼ ሚስት። ከስታለች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐዘን የደረሰባቸው ሰዎች የሚገናኙበት ክፍል አለ አለችኝ። እሷ መሄድ ጀምራለች።

«ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንቀመጣለን። እናወራለን።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ ሳወራ አይደል የምውለው።»

«አንተ? አንተ የምታወራው ኳስ ነው።»

ልክ ነች። ስትወጣ ዓይኗ ኮቱ ላይ አረፈ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ያልወደቀ ፀጉር ጠረግኩ።

ግንቦት 24

ሄድኩ። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ክብ ተደርገው። አማካሪዋ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። «መናገር ግዴታ አይደለም። ማልቀስም ግዴታ አይደለም፤ አለማልቀስም» አለች።

ከጎኔ የነበረው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። «እኔ እየነዳሁ ነው የማለቅሰው» አለ። «ከኋላ ‹ወራጅ አለ› ይላሉ። እያለቀስኩ ዳር ይዤ አቆማለሁ። አንዷ ስትወርድ ‹ሾፌር፣ መንገዱ እንዲህ ከከበደህ ለምን አትተወውም› አለችኝ።» ሳቅን። እሱም ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም።

የእኔ ተራ ደረሰ። ሁሉም ያዩኛል። ቆይቼ... «ፀጉር አስተካካይ ነኝ» አልኩ። ይኸው ነው የወጣኝ። ሲከፋህ ደውል ብለው ስልካቸው ያለበትን ካርድ ሰጡኝ።

አሁን ሳስበው ገባኝ። እኔ ሰው የማናግረው በመስታወት ነው። ያስለመደኝ ጋሼ ነው። «ፊት ለፊት ካየኸው ያፍራል። ከጀርባው ቁምና በመስታወት አናግረው፣ የሆዱን ይዘረግፍልሃል።» እዚያ መስታወት የለም። ዓይን ብቻ።

ሰኔ 1

ፖስተኛው ተመልሶ መጣ። ፀጉሩ ጆሮው ላይ ወርዷል።

«ዛሬስ?»

«ወጣ ብሏል።»

ይኼኛው እንኳ ምላሴ አይደለም። አውቄ ነው ያልኩት። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር... ሁሉም ያውቃሉ፣ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ እኔ ልቁረጥልዎት?»

«አንተ? ትንሹ፣ አንተ እኮ በግ ነው የምትሸልተው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄን በመስታወት አየሁት። ፖስተኛው ኮቱን በአገጩ አሳየኝ። «እሱ እስካለ ድረስ እጠብቃለሁ።» እስኪመሽ ጠበቀ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ከበደኝ።

ሰኔ 2

ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ጋ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች። «ምን ልርዳዎት?»

«ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ?» አልኳት።

ሁልጊዜ ክፍት ነን አለች። አመስግኜ ዘጋሁ።

ሰኔ 7

እንደገና ሄድኩ። ደመናው ከብዶ ስለነበር መብራት በርቷል። መስኮቱ ላይ ሁላችንም እንታያለን፤ ሾፌሩ፣ አማካሪዋ፣ እኔ። ወንበሬን ወደ መስኮቱ ትንሽ አዞርኩ። አማካሪዋ በመስኮቱ ውስጥ አየችኝ። አሁን እናገራለሁ አልኩ። «ወንድሜ...» ብዬ ጀመርኩ።

«በረደህ እንዴ?» አለች። ተነሥታ መጋረጃውን ጋረደችው።

ደግ ሰው ናት። ምን ልበላት?

ሰኔ 15

እትዬ ኮቱን ወሰደችው። አንገትጌውን አሸተተች። «ጠረኑ እየለቀቀ ነው። እዚህ ፀጉርና ሳሙና ነው የሚሸተው። ቤት ይሁንልኝ።»

ተይው ልላት ነበር። እሱን አምኖ የሚጠብቅ ሰው አለ ልላት... ለሚስቱ እንዴት ይባላል? አጥፌ ሰጠኋት።

ማንጠልጠያው ላይ ፎጣ ሰቀልኩ። ደስ አላለኝም፣ አወረድኩት።

ሰኔ 23

ዝናብ። ሰው የለም። ፖስተኛው በስብሶ ገባ። ባርኔጣውን ሊሰቅል ሄዶ ማንጠልጠያው ፊት ቆመ።

«ዛሬ ኮቱንም ይዞ ወጣ?»

«ዝናቡ ከባድ ነው» አልኩ።

«ስለ ዝናብ አልጠየቅኩህም።»

ቀጥ ብሎ ሄዶ የመስኮቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «በል ቁረጥ። ሲመጣ ያቃናዋል።»

ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰርኩ። ከጀርባው ቆምኩ። ያንን ወንበር ይዤ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። አንዱን ጎን ጀመርኩ፣ ጨረስኩ። ወደ ሌላው ስዞር በመስታወት እያየኝ ነበር።

«አባባ... ጋሼ አይመጣም።»

«ዛሬ?»

«ሞቷል። ያኔ ግንቦት ላይ የመጡ ቀንም ሞቶ ነበር። ጠዋት ቤቱ ጫማውን ሲያስር ወደቀ። እኔ እዚህ በር ላይ ቆሜ አረፈደ ብዬ እሰድበው ነበር።»

የመጨረሻዋን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእትዬም።

ፖስተኛው ለመስታወቱ ተናገረ። «ቴሌግራም ሳደርስ ክፉ ወሬ መሆኑን ከፖስታው አውቅ ነበር። በራቸው ላይ ቆሜ ስለ ዝናብ አወራለሁ። ስለ ውሻቸው አወራለሁ።»

«አዎ...»

«ግን አደርሰው ነበር፣ ትንሹ። በዚያው ቀን አደርሰው ነበር።»

መቀሱን አስቀመጥኩ፣ አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ጨርቁን ራሱ ፈታው። ግማሽ ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ግማሹ ሳይቆረጥ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ዝናቡ አላባራም ነበር።

ሰኔ 24

ባይመለስስ?

ሰኔ 28

ለእትዬ ነገርኳት፣ የስድቡን። በስልክ ነው። «እኔም አርፍደሃል እያልኩ ስጮህበት ነው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ያለው» አለች። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ቆየን።

ሐምሌ 3

ፖስተኛው መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ እንዳለ ነው፣ ግማሽ በግማሽ። «ልጄ ‹መብራት ጠፍቶ ነው እንዴ የተቆረጥከው› አለችኝ» አለ። የመስኮቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ጨርሰው።»

ጨረስኩት። በግራ ጆሮው በኩል ጎድሏል። ላቃናው ብል ባሰ። በመስታወት ረጅም ጊዜ አየውና «በግ» አለ። ውጭ መዝነብ ጀምሮ ነበር፤ ተነሥቶ እስኪያባራ ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

አንድ የማላውቀው ሰው ገባ። ዞር ዞር ብሎ አየ። «ባለፈው ዓመት የቆረጠኝ ሰውዬ... መስኮቱ ጋ የሚቆመው፣ የለም?»

አፌን ከፈትኩ። ፖስተኛው ከጋዜጣው ቀና አላለም።

«ሞቷል» አልኩ።

ሰውየው ደነገጠ፣ እግዜር ያጥናህ አለ። የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው። ሁለቱም ወንበር ባዶ ነው። እኔን ያየኛል፣ ወንበሮቹን ያያል። የቱን ላሳየው? ጨርቁን ይዤ ቆምኩ።