በበቆሎ ምሽት ቀኝ እጁ ስለተገመገመው ግራኝ

ለተከበሩ አቶ ግራንት ዊትኮም
የዋናው ክለብ የወጣት ወርዋሪዎች ግምገማ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ በተለይም ዓይንዎና ጆሮዎ ካለፈው ወር ተሽሏቸው የሚገኙ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ የፕሬንቲስ ላንዲንግ ነዋሪዎች ከወንዙ ትንኝ በስተቀር ደህና ነን። ማርቫ ሂልደብራንድ እባላለሁ፤ በየበጋው ለዋናው ክለብ ከሚኮተኮቱት የታችኛው ሊግ የቤዝቦል ተጫዋቾች አንዱን ቤቴ አሳድራለሁ። ዘንድሮ የደረሰኝ ኮቢ ራትሊፍ ነበር፤ ከአላባማ የመጣ፣ ሳይነገረው ሳህኑን የሚያጥብ፣ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ኳስ ከመወርወር ሌላ ሥራ ተመኝቶ የማያውቅ ልጅ። እርስዎ በአንድ ምሽት ግምገማ ያሰናበቱት እሱን ነውና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ያን ሐሙስ ከዋናው ክለብ ድረስ ስለመጡልን አመሰግናለሁ። ዕለቱ የበቆሎ ምሽታችን ነበር። እንደሚያውቁት፣ ወይም ማወቅ እንደሚገባዎት፣ በዚያ ምሽት ልጆቻችን ሁሉ ስም ያልተጻፈበት ቢጫ መለያ ይለብሳሉ። የወርዋሪው ስም በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ክቡርነትዎ ግን ማዳመጫ ደፍተው ስልክ ያወሩ ስለነበር እንዲህ ያለ ተራ ነገር አልደረሰዎትም። የሐሙስ ተራ የኮቢ ነበር፤ የረቡዑ ወርዋሪ ስለታመመ ግን አንድ ቀን ቀድሞ ወረወረ። ሐሙስ በመወርወሪያው ጉብታ ላይ የቆመው ጓደኛው ዳሪል ኪንኬድ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መቀመጫ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። ትናንት የወረወረ ልጅ ዛሬ በተራ ልብስ ከተመልካች መሀል ተቀምጦ፣ የፍጥነት መለኪያ ይዞ የጓደኛውን ውርወራ ይከታተላል፤ ይህን የሊጉ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እርስዎም ሊገመግሙት ከመጡት ልጅ አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። እኔ ከኋላችሁ ነበርኩ። በቆሎዎን እየጋጡ፣ ጉብታውን በአገጭዎ እያመለከቱ፣ «ስማ የኔ ወንድም፣ ይሄ ልጅ ችሎታ አለው?» አሉት። ኮቢም ስለ ጓደኛው የጠየቁት መስሎት፣ «አለው ጌታዬ። ዛሬ ግን ክንዱ ዝሏል፤ ይኸው ክርኑ ወርዷል። ትንሽ ቢያርፍ ይመለሳል» አለዎት። እርስዎም «ዓይን አለህ አንተ! እስቲ ያንተ መለኪያ ስንት ይላል? የኔ ባትሪ ጨርሷል» ብለው ቁጥሩን ሁሉ ከእሱ ቀዱ። እኔ ደግሞ ትሁት እንግዳ መጣ ብዬ የበቆሎውን ቅቤ እንዲጠርጉበት ናፕኪን አቀበልኩዎ። ናፕኪኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለፍርድዎ ጥልቀት ነው። ሰኞ አሠልጣኛችን ኮቢን ጠርቶ የላኩትን ግምገማ አነበበለት፤ ቀኝ ክንዱ የዛለ፣ ክርኑ የሚወርድ፣ ተስፋ የሌለው ወርዋሪ ነው ይላል። ኮቢም፣ «አሠልጣኝ፣ እኔ እኮ ግራኝ ነኝ» አለ። ስለ ቀኝ እጁ የሰጡትን ፍርድ እኛም እናጸናለን፤ በእሱ እጅ ዳቦ ላይ ቅቤ እንኳ በቅጡ መቀባት አይሆንለትም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ማዕረግና ቢሮ ያለው ሙያ መሆኑን ግን ከእርስዎ ተማርኩ።

አሠልጣኙ ቢሮዎ ሲደውል፣ ግምገማ አንዴ ከጸደቀ እንደማይታረም በትሕትና ተነገረው። ዳሪል ደውሎ የወረወርኩት እኔ ነኝ ሊል ስልኩን ሲያነሳ፣ ኮቢ «ተው እንጂ፣ አንተንም ያባርሩሃል» ብሎ ከእጁ ቀማው። ከዚያ ወጥ ቤቴ ገብቶ ሳህኑን አጠበ፣ ሻንጣውን ዘጋ፣ «አይዞሽ ሚስ ማርቫ» አለኝ፤ አይዞህ ባይ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ዳሪልን አስፈቅጄዋለሁ። «ይጻፉት፣ ስሜንም ይጥሩ። የኔን ክንድ እሱ አይሸከምልኝም» ብሎኛል። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ የራሱን ድካም ሊናዘዝ ስልክ ያነሳል፣ ክቡርነትዎ ግን የተደወለልዎትን እንኳ አያነሱም። በዕድሜዬ የጠላኋቸው ሰዎች አሉ፤ እንደ እርስዎ የናቅሁት ግን የለም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለከፍተኛ ማዕረግዎ የሚገባውን ያህል፣ ለሥራዎ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

በቀኝ እጇ የምትጽፍ (ቢጠራጠሩ መጥተው ማየት ይችላሉ)፣
ማርቫ ሂልደብራንድ
ፕሬንቲስ ላንዲንግ፣ አዮዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ልዘጋ ስል ጸሐፊዎ ስታዲየማችን ደወለች። በበቆሎ ምሽት አጠገብዎ ተቀምጦ የነበረውን፣ መለኪያ የያዘውን ዓይናማ ወጣት በገምጋሚነት ሊቀጥሩት ፈልገው እያፈላለጉት ነው አሉ። አግኝተነዋል። ስላከበሩት አመስግኖ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ቡድን ስላስፈረመው እንደማይመቸው እንድነግርዎ ጠይቆኛል። ዓርብ ይወረውራል። ቢመጡ ከፊቴ ያለውን ወንበር እይዝልዎታለሁ፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ግን ማዳመጫዎን ያውልቁ።